የደብዛዛ ብርሃን ምስክርነት፦ ስለ ባርናርድ ጋላክሲ የተደረገ ንግግር



ስለ ሰማይ የሚናገር ሰው ታላላቁንና ብሩሁን እየመረጠ ስለ ፀሐይ ግርማ፥ ስለ ሳተርን ቀለበት ወይም ስለ አንድሮሜዳ ስፋት ማውሳት ልማዱ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የመረጥኋት ከእነዚህ ሁሉ ያነሰች፥ በዓይኑ ብቻ ለሚመለከት ፈጽሞ የማትታይ፥ ቅርጿም ሥርዓት የሌለው አንዲት ትንሽ የከዋክብት ማኅበር ናት። በሊቃውንት መዝገብ ኤን ጂ ሲ 6822 ተብላ ተጽፋለች፤ በተለምዶ ደግሞ ባገኛት ሰው ስም የባርናርድ ጋላክሲ ትባላለች።

የንግግሬ ዓላማ ይህች ደካማ ጋላክሲ ለዕውቀት የሰጠችው ታላቅ አገልግሎት የመነጨው ከዚያው ከደካማነቷ፥ ከድህነቷና ከብቸኝነቷ መሆኑን ማስረዳት ነው። ስለዚህም ነገሩን በሦስት እከፍለዋለሁ፤ በመጀመሪያ እንዴት እንደ ተገኘችና ብርሃኗ ስለ ምን እንደ ደበዘዘ፥ ቀጥሎ ርቀቷ እንዴት እንደ ተለካና ከዚያ መለኪያ ምን እንደ ተከተለ፥ በመጨረሻም ስለ ከዋክብት ልደት ምን እንደምትመሰክር እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

እንግዲህ አስቀድመን ስፍራዋን እንወቅ። የአቡሻኽር ሊቃውንት ቀውስ በሚሉት ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፥ ወደ ጀዲ ወሰን ቀረብ ብላ ትገኛለች። በሐምሌ ወር በእኩለ ሌሊት ከሰማዩ ከፍተኛ ስፍራ ላይ ብትደርስም፥ ያን ጊዜ በአገራችን ደመናው ሰማዩን ስለሚጋርደው፥ ሊፈልጋት የሚወድ ሰው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በጥቅምት ወር ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት በኋላ፥ ከከተማ መብራት ርቆ፥ በደቡብ በኩል ከፍ አድርጎ ቢመለከት ይሻለዋል። ርቀቷ በዛሬው መለኪያ 1.6 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ ይህም ማለት ዛሬ ማታ ወደ መነጽር የሚገባው ብርሃን ከእርሷ በተነሣበት ዘመን፥ በአዋሽ ዳር በመልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ይጠርቡ ነበር ማለት ነው።

ያገኛት ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ በ1857 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ እርሱ ሳይወለድ ስለ ሞተ እናቱ በችግር አሳደገችው፤ ትምህርት ቤት የገባውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ፤ ሥራውም በፀሐይ ብርሃን ሥዕል የሚያጎላውን ትልቅ መሣሪያ ፀሐይ በተንቀሳቀሰች መጠን እየተከተለ ወደ እርሷ ማዞር ነበር። አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ በጣራ ላይ ቆሞ የሰማይን ጉዞ በእጁ እየተከተለ ማደጉ፥ ኋላ ለተሰጠበት የሌሊት ትጋት መልካም ዝግጅት ሆነለት። ካደገ በኋላ ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዝቶ ጅራታም ከዋክብትን ይፈልግ ጀመር፤ በዚያን ዘመን አንድ ባለጸጋ በአሜሪካ ለተገኘ ለእያንዳንዱ አዲስ ጅራታም ኮከብ 200 ዶላር ሽልማት ይሰጥ ስለ ነበር፥ ባርናርድ ቤቱን የሠራው ከዚሁ ሽልማት ባገኘው ገንዘብ ነው።

ጅራታም ኮከብ ፈላጊ ሰው ሰማዩን ሌሊት ከሌሊት እየጠረገ ሲሄድ፥ የሚፈልገው ደብዛዛና የተዘረጋ ጭጋግ የሚመስል ነገር ስለ ሆነ፥ ሌላው ሰው ቸል ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ ለማየት ዓይኑ ይሠለጥናል። በ1884 በነሐሴ ወር ባርናርድ በትንሽ ቴሌስኮፕ በቀውስ ውስጥ አንድ እጅግ ደካማ ጭጋግ አየ፤ ከስፍራው ስለማይንቀሳቀስም ጅራታም ኮከብ አለመሆኑን ዐወቀ። ከ4 ዓመት በኋላ ድራየር የተባለው ሊቅ ታላቁን የጭጋጎችና የከዋክብት ስብስቦች መዝገብ ሲያወጣ 6822ኛ ተራ ላይ አስገባት። ከዚያም ከ30 ዓመት በላይ እምብዛም የሚያነሣት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ የሚያስገድድ አንድ ነገር አለ። ኋላ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድዊን ሃብል እንደ መሰከረው፥ ይህች ጋላክሲ በአራት ኢንች ማፈላለጊያ መነጽር ስትታይ በቂ ጎልታ ትገኝ ነበር፤ በዚያን ዘመን ከዓለም ሁሉ ትልቅ በነበረው በ100 ኢንቹ ቴሌስኮፕ ለሚመለከት ዓይን ግን ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበረች። ትልቁ መሣሪያ ከትንሹ ያነሰ ማሳየቱ እንዴት ይሆናል? የዚህች ጋላክሲ ጠቅላላ ብርሃን ትንሽ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ነጥብ ቢሰበሰብ በእጅ በሚያዝ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር የሚታይ ኮከብ ይሆን ነበር። ነገር ግን ያ ብርሃን የጨረቃን ወርድ እኩሌታ በሚያህል የሰማይ ስፋት ላይ ተበትኗል። በሰፌድ መካከል የተከመረ አንድ ዕፍኝ ነጭ ጤፍ ከሩቅ ሲነጣ ይታያል፤ ያው ዕፍኝ በሰፊ አውድማ ላይ ቢዘራ ግን አንዲት ፍሬ ሳትጎድል ነጭነቱ ከአፈሩ መለየት ያቅታል። ታላቅ ቴሌስኮፕ ደግሞ ሥዕሉን ስለሚያጎላ የተበተነውን ብርሃን ይበልጥ ይበትነዋል፤ በዙሪያው ያለውን የሰማይ ጨለማም ከመስኮቱ ውጭ ያስቀርና ዓይን የሚያነጻጽርበትን ያሳጣዋል። ለዓይን የደበዘዘ ነገር ሁሉ በባሕርዩ ብርሃን የጎደለው ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ የሰማይ መዝገቦቻችንም ለብዙ ዘመን የተሞሉት ተሰብስበው በሚያበሩት እንጂ ተበትነው በሚያበሩት አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፥ ወደ ርቀቷ መለካት እንለፍ።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሊቃውንትን የከፈለው ታላቅ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ፍኖተ ሐሊብ የምንለው የከዋክብት ማኅበራችን ዓለሙን ሁሉ የያዘ ነውን? ወይስ በቴሌስኮፕ የሚታዩት ጭጋጎች ከእርሱ ውጭ ያሉ ራሳቸውን የቻሉ ማኅበራት ናቸው? በ1920 በሚያዝያ ወር ሃርሎ ሻፕሊና ሂበር ከርቲስ በዋሽንግተን በጉባኤ ፊት ስለዚሁ ተከራከሩ። ሻፕሊ የፍኖተ ሐሊብ ወርድ 300,000 የብርሃን ዓመት ነው ብሎ ስለ ገመተ፥ ይህን ከሚያህል ስፋት ውጭ ሌላ የከዋክብት ዓለም መኖሩን ለመቀበል ይቸግረው ነበር። ክርክሩ በቃል ብልሃት የሚፈታ አልነበረም፤ የሚፈታው ርቀትን በመለካት ብቻ ነበር፥ ለዚህ የሚሆን መለኪያም አስቀድሞ በአንዲት ሴት እጅ ተዘጋጅቶ ቆይቶ ነበር።

ሄንሪየታ ሌቪት በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ የፎቶግራፍ መስታወቶችን እየመረመረች የከዋክብትን ብርሃን መጠን የምትመዘግብ ሠራተኛ ነበረች። በፔሩ በአሬኪፓ ከተነሡት መስታወቶች ላይ በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ ያሉ ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን ለየች፤ በ1912ም ስለ 25ቱ ባሳተመችው ጽሑፍ፥ ብርሃኑ ከፍ ብሎ ዝቅ እስኪልና እንደ ገና ከፍ እስኪል ረዥም ጊዜ የሚፈጅበት ኮከብ በጠባዩ ይበልጥ ብሩህ መሆኑን አስታወቀች። ሴፌይድ የሚባሉት እነዚህ ከዋክብት በሆዳቸው ያለው ሂሊየም ሙቀቱን እያገተና እየለቀቀ ስለሚያናፋቸው ያብጣሉ፥ ይኮማተራሉም። እንግዲህ የአንዱን ሴፌይድ ዙር በቀን ቆጥሮ ያወቀ ሰው እውነተኛ ብርሃኑን ያውቃል፤ እውነተኛው ብርሃን ለዓይናችን ከሚደርሰው ጋር ሲነጻጸርም፥ ብርሃን በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚሳሳ፥ ርቀቱ በሒሳብ ይወጣል። ልብ አድርጉልኝ፤ ይህ ሕግ የተገኘበት የማጄላን ደመና ራሱ እንደ ባርናርድ ጋላክሲ ሥርዓተ ቅርጽ የሌለው ትንሽ ጋላክሲ ነው። ከዋክብቱ ሁሉ ከእኛ በአንድ ርቀት ላይ እንዳሉ ሊቆጠሩ ስለሚችሉ፥ የብርሃናቸው ልዩነት የጠባይ እንጂ የርቀት ልዩነት አለመሆኑ ታወቀ፤ ሕጉም ሊገለጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1922 ፔራይን የተባለ ሊቅ በአርጀንቲና በኮርዶባ ሆኖ የባርናርድን ጭጋግ ፎቶግራፍ ሲመረምር የማጄላንን ደመናዎች በትንሹ እንደምትመስል ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሃብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ በ100 ኢንቹ ቴሌስኮፕ ደጋግሞ ፎቶግራፍ አነሣት። ለዓይን አልታይ ያለችው ጋላክሲ ሰዓታት ሙሉ ብርሃን በሚያጠራቅመው መስታወት ላይ ወደ ነጠላ ከዋክብት ተፈታች። በውስጧም 15 ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብት አገኘ፤ ከእነዚህም 11ዱ ሴፌይዶች ሆኑ። በ1925 መጨረሻ ባሳተመው ሰፊ ጽሑፉ ርቀቷ 700,000 የብርሃን ዓመት መሆኑን አስታወቀ፤ ይህም ሻፕሊ ለፍኖተ ሐሊብ ከገመተው ከዚያ ከተጋነነው ወርድ እንኳ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር።

በአንድሮሜዳ ጋላክሲ ውስጥ ስለ ተገኙት ሴፌይዶች የሃብል ቃል በዚያው ዓመት በጥር መጀመሪያ በጉባኤ ፊት ተነብቦ ስለ ነበር፥ ዝናው ሁሉ ለአንድሮሜዳ ተሰጥቷል። ነገር ግን ከማጄላን ደመናዎች ወዲያ ስላለ የከዋክብት ማኅበር መጀመሪያ የታተመው የተሟላ ጥናት፥ ከዋክብቱ፥ ብሩሃን ደመናዎቹ፥ ርቀቱና ስፋቱ አንድ በአንድ ተመርምረው የተጻፉበት፥ የዚህችው የትንሿ ነው። በአንድሮሜዳ እምብርት የከዋክብቱ ብዛት አንዱን በሌላው ላይ እየደራረበ ብርሃናቸውን አንድ ሉክ ያደርገዋል፤ በባርናርድ ጋላክሲ ግን ከዋክብቱ ተራርቀው ስለ ተዘሩ እያንዳንዱ በገዛ ራሱ ይታያል፥ ይቆጠራል፥ ይለካል። በዓይን እንዳትታይ ያደረጋት መበተኗ፥ በመስታወት ላይ እንድትነበብ ያደረጋት ያው መበተኗ ነው።

ሃብል የሰጠው አኃዝ ግን ከዛሬው እኩሌታ የማይሞላ ስለ ሆነ፥ የልዩነቱን ምክንያት ሳልናገር ባልፍ ትምህርቱ ይጎድላል። ዋልተር ባዴ በ1952 በሮም በተደረገው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ እንዳስታወቀው፥ ቀድሞ አንድ ዓይነት የመሰሉት ተለዋዋጭ ከዋክብት ሁለት ወገን ናቸው፤ ሃብል የተጠቀመባቸው ሴፌይዶችም ከታሰበው እጅግ የበለጡ ብሩሃን ስለ ሆኑ ርቀቱ ሁሉ በእጥፍ ያህል ማደግ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፍ አቧራ አለ። የባርናርድ ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ መስመር ብዙ ስለማትርቅ፥ ከሰማያዊ ብርሃኗ እኩሌታ የሚበልጠው እኛ ዘንድ ሳይደርስ በዚህ አቧራ ይቀራል፤ የደበዘዘ ኮከብም ከእውነቱ የራቀ ይመስላል። እንግዲህ አንዱ ስሕተት ርቀቱን ሲያሳንስ ሌላው ሲያገዝፈው፥ ሁለቱ በከፊል ተሸፋፍነው ቆይተዋል። የሚያስደንቀውም በፍኖተ ሐሊብ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ስፍራዎች በፎቶግራፍ እየለቀመ በ1919 የ182ቱን ዝርዝር ያሳተመ ሰው ያው ባርናርድ መሆኑ ነው፤ በመካከል ያለው ጠፈር ሁሉ ብርሃንን እንደሚያሳሳ ትረምፕለር የተባለው ሊቅ ያረጋገጠው ግን በ1930፥ ባርናርድ ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ሊቃውንት አቧራው እምብዛም በማያግደው በታሕተ ቀይ ብርሃን ሴፌይዶቹን ስለሚለኩ፥ 1.6 ሚሊዮን የሚለው አኃዝ የጸና ሆኗል።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ራሷ ስለ ጋላክሲዋ ጠባይ ነው።

የባርናርድ ጋላክሲ ብሩህ ክፍል ርዝመቱ 7,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ፍኖተ ሐሊብ ግን 100,000 ያህል ወርድ አለው። የከዋክብቷ ጠቅላላ ክብደት 100 ሚሊዮን ፀሐዮችን ያህላል፤ ይህም በእኛ ጋላክሲ ዘንድ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እንደ ታላላቆቹ የሚጠመዘዙ ክንዶች የሏትም፤ በመካከሏ በረዥሙ የተጋደመ የከዋክብት ዘንግ፥ በዙሪያውም ሥርዓት የሌለው ብትን አለ፤ ስለዚህም ሥርዓተ ቅርጽ የሌላት ድንክ ጋላክሲ ትባላለች። ነገር ግን በከዋክብት ድሃ የሆነችው ይህች ጋላክሲ በጋዝ ባለጸጋ ናት። በራዲዮ ቴሌስኮፕ የተመለከቱ ሊቃውንት የሃይድሮጅን ጋዟ ከሚታዩት ከዋክብት ወሰን እጅግ ርቆ እንደ ሰፊ ሳሕን ተዘርግቶ እንደሚሽከረከር፥ ክብደቱም ከከዋክብቷ ክብደት እንደማያንስ አገኙ፤ በፍኖተ ሐሊብ ግን ጋዙ ከከዋክብቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ከጋዙ የመሽከርከር ፍጥነትም፥ ከሚታየው ሁሉ የሚበልጥ የማይታይ ቁስ አካል እንደ ያዛት ታውቋል።

ድህነቷ ደግሞ በሌላ በኩል ይታያል። ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የከበዱት ንጥረ ነገሮች፥ ማለት ኦክስጅን፥ ካርቦን፥ ብረትና የመሳሰሉት፥ የሚሠሩት በከዋክብት ሆድ ውስጥ ነው፤ ከዋክብቱም ሲሞቱ ለሚከተለው ትውልድ ያወርሷቸዋል። ብዙ ትውልድ ያለፈበት እንደ እኛ ያለ ጋላክሲ በዚህ ውርስ በልጽጓል፤ በባርናርድ ጋላክሲ ጋዝ ውስጥ ግን ኦክስጅኑ በፀሐይ ካለው መጠን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ይህ ድህነት ከጥንቱ ዘመን ጋር ያዛምዳታል፤ ከዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዓለም ሲጀመር የነበረው ጋዝ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነበረና፥ የመጀመሪያዎቹ ትናንሽ ጋላክሲዎችም በእንዲህ ያለ እጥረት ውስጥ ሆነው ከዋክብትን ወለዱ። እነዚያ ግን ከመራቃቸው የተነሣ ከዋክብታቸው በነጠላ አይታዩም። ኮከብ ከድሃ ጋዝ እንዴት እንደሚወለድ በዓይኑ ሊያይ የሚፈልግ ተመራማሪ እንግዲህ ወደዚህች ቅርብ ጋላክሲ ይመለሳል።

በሰሜናዊ ጫፏ ሃብል አምስተኛና ሃብል ዐሥረኛ የሚባሉ ሁለት ብሩሃን የጋዝ ደመናዎች አሉ፤ ስማቸውም ሃብል በ1925ቱ ጽሑፉ ከሰጣቸው ተራ ቁጥር የመጣ ነው። የሃብል ዐሥረኛ ወርድ ከ100 የብርሃን ዓመት ይበልጣል፤ በውስጡ ያሉት ግዙፋን ከዋክብት ዕድሜ ግን 4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በከዋክብት ዘመን ገና ጨቅሎች ናቸው። በዚያችው ጋላክሲ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ የኖሩ ሽማግሌ ከዋክብትም ስላሉ፥ የመውለድ ሥራዋ በጥንት ተጀምሮ ዛሬም አለመቋረጡ ግልጽ ነው። በ2023 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በታሕተ ቀይ ብርሃን ያነሣት ሥዕል ሲወጣም፥ በአቧራ ውስጥ ተሸፍነው የነበሩ ከዋክብት በብዛት ታዩ።

ብቸኝነቷም እንደ ድህነቷ የሚጠቅም ነው። በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ የሚገኙት ትናንሽ ጋላክሲዎች ከማጄላን ደመናዎች በስተቀር አብዛኞቹ ጋዛቸውን ተገፈው ከዋክብት መውለድ አቁመዋል፤ ታላቁን ጋላክሲ በሚከብበው ስስ ሙቅ ጋዝ ውስጥ ሲያልፉ የራሳቸው ጋዝ ይጠረጋልና። የባርናርድ ጋላክሲ ግን ከፍኖተ ሐሊብም ከአንድሮሜዳም ርቃ ስለምትኖር ጋዟ ሳይነካ ቆይቷል፤ በእርሷ ዘንድ የሚታየው የከዋክብት መውለድና መሞትም በአብዛኛው የገዛ ራሷ ሥራ እንጂ የጎረቤት ግፊት ውጤት አይደለም። አንድን ነገር ከሌላው ነጥሎ ለመመርመር የሚፈልግ ጥበብ እንዲህ ያለውን ብቸኛ ምስክር አጥብቆ ይሻል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ንግግሬን ወደ መደምደሙ ደርሻለሁ። ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ ከታላቁ ጋላክሲ ከመቶ አንድ እጅ ስለማትሞላ ድንክ ይህን ያህል መድከም ስለ ምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፥ መልሱ እዚያው በቀውስ አቅጣጫ ይገኛል። በ1994 ሊቃውንት በዚሁ ኅብረ ከዋክብት በኩል፥ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት ወዲያ፥ ሌላ ድንክ ጋላክሲ አገኙ፤ እርሷም በፍኖተ ሐሊብ ስበት እየተጎተተች ከዋክብቷ ሰማዩን በሚከብብ ረዥም ጅረት እየፈሰሱ ወደ እኛ ማኅበር በመቀላቀል ላይ ናት። እንዲህ ያለው መዋጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ ታላላቆቹ ጋላክሲዎች ያደጉት በብዙ ዘመን ውስጥ ትናንሾቹን እየዋጡ ነው። እንግዲህ ፍኖተ ሐሊብ ከምን ከምን እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ሰው፥ የተዋጡት ከቅርጻቸውና ከጋዛቸው ተለይተው ታሪካቸው ተደባልቆ ስለ ጠፋ፥ ያልተዋጠችውን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

ከባርናርድ ጋላክሲ እጅግ የደበዘዙ ሌሎች ደግሞ ገና ሳይመዘገቡ በሰማዩ ላይ ተበትነዋል። በቺሊ ተራራ ላይ የተሠራውና የመጀመሪያ ሥዕሎቹን በ2025 ያሳየው የቬራ ሩቢን መመልከቻ የደቡቡን ሰማይ በየጥቂት ሌሊቱ ደጋግሞ ፎቶግራፍ እያነሣ ብርሃን ለማጠራቀም ስለ ተሰናዳ፥ ሊቃውንት ከእርሱ ብዙ እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎችን ይጠብቃሉ። የእነርሱን ርቀት የሚለካ፥ ጋዛቸውን የሚመዝን፥ ከዋክብታቸውን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ የሚሰበሰበውም ሥዕል ከአንድ አገር ሊቃውንት ጉልበት በላይ ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ወጣቶች መካከል ሒሳብንና ፊዚክስን አጥብቆ የተማረ አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ቢነሣ፥ ሰማዩ ለእርሱ ዝግ አይደለም። ትንሽ ቴሌስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ብቻ የነበረው የፎቶግራፍ ቤት ልጅ ያገኛት ጋላክሲ፥ የዓለምን ስፋት ለማወቅ ከረዱት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆናለችና።